ነጭ ኮምፒውተር ከአረንጓዴ ጥለት ጋር

ከጥገናው ጠረጴዛ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ቀለም ናቸው። ሐዋሳ መናኸሪያ ሰፈር ሱቅ ከፍቼ ኮምፒውተር መፍታትና መግጠም ስጀምር ሰው የሚጠይቀኝ «ይፈጥናል ወይ?» ብሎ ነበር፤ አሁን «ነጩ አለ?» ሆኗል። አልተከፋሁም። መጋረጃውን ከሶፋው ጋር የሚያስማማ ሰው ኮምፒውተሩን ለምን አያስማማ? አንደኛው ደብዳቤ ግን ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ እሱ ይወስዳል፤ ሌሎቹ ይቅር በሉኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ አነስተኛ ፎቶ ቤት አለችኝ። የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ እንሠራለን፤ ኤዲት የማደርገው እኔ ራሴ ነኝ። ያለኝ ኮምፒውተር አርጅቷል። በተለይ አምና የገዛነው ካሜራ የሚቀርጸውን ቪዲዮ ስከፍት እየተቆራረጠ አላሠራ ብሎኛል። ስለዚህ አዲስ ላስገጥም ነው። የሚቀመጠው ሙሽሮች አልበም በሚመርጡበት ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ እንዲያምርልኝ እፈልጋለሁ። ያሰብኩት እንደ ሐበሻ ቀሚስ ነው፤ ሁለመናው ነጭ፣ ውስጡ አረንጓዴ ጥለት። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ይህን ዝርዝር ላከልኝ፦ ኮር አይ 5-12400ኤፍ ፕሮሰሰር፣ ነጭ ማዘርቦርድ፣ 32 ጊጋ ባለ መብራት ራም፣ ነጭ አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ፣ ነጭ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ ነጭ ኬዝ ከስድስት ባለ መብራት ፋን ጋር። መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ነጩ ከጥቁሩ የሚወደደው ለምንድን ነው? ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? ነጭ ይወይባል የሚሉኝስ እውነት ነው? ሠ. ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ ሠ.፣ ሐሳብሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን የጦር አውሮፕላን የሚመስል ቀይና ጥቁር ኮምፒውተር ስገጥም ነው የኖርኩት፤ የሐበሻ ቀሚስ ያሰበ ሰው ገና አንቺን አየሁ። ዝርዝሩን ሳነብ ግን መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ከ12400 ኋላ የተለጠፈችው «ኤፍ» ናት። ቀለሙ ላይ ከመድረሳችን በፊት እሷን እንጨርስ።

ኤፍ ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ (ምስል የሚያወጣ ክፍል) የለውም። ጌም ለሚጫወት ልጅ ምንም አይጎድልበትም፤ ካርዱ አለለት። አንቺ ጋ ነገሩ ይለያል። አዲሱ ካሜራሽ ቪዲዮን አጥብቆ በሚጨምቀው በኤች 265፣ ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዘው በ10 ቢት 4:2:2 የሚቀርጽ ከሆነ (ሜኑው ውስጥ የቪዲዮ አቀራረጹ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ) የሚቆራረጥብሽ በዚሁ ሰበብ ነው። አርቲኤክስ 4060 ይህን ዓይነቱን የተጨመቀ ፋይል በራሱ አይፈታም፤ ኤንቪዲያ ይህን ችሎታ የጨመረው በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አርቲኤክስ 50 በሚባሉት ካርዶች ላይ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለችው ትንሽ ግራፊክስ ግን፣ ክዊክ ሲንክ በሚሏት ክፍሏ፣ ሳትጨነቅ ትፈታዋለች። 12400ኤፍ ገዝተሽ ነጭ ካርድ ብትደርቢበት ያው ቪዲዮ በሚያምር ኮምፒውተር ላይ ይቆራረጥብሻል ማለት ነው። ኤፍ የሌለውን 12400 ጠይቂ፤ ገንዘቡ ካለ 10 ኮር ያለው 12600ኬ ይሻልሻል። ሁሉም የሚገቡት ኤልጂኤ 1700 በሚባለው በዚያው ሶኬት ስለሆነ የማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ምርጫ አይናጋም። የሚገጥምልሽ ልጅ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብቶ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ከካርዱ ጎን ክፍት እንዲያደርገው ንገሪው፤ ካርድ ሲሰካ ብዙ ማዘርቦርድ ራሱ ይዘጋዋል፤ ያኔ «ገዛሁት እኮ፣ ለምን ያው ሆነ?» ብለሽ ትደውይልኛለሽ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ነጩን እደግፋለሁ። አረንጓዴ መብራቱን ግን አልደግፍም፤ ለምን እንደሆነ ከራሴ ጥፋት ልንገርሽ።

በ2011 ዓ.ም. ለአንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ገጠምኩ። ባለቤቱ ቀይ ይወዳል። ቀይ ፋን፣ ቀይ ራም፣ ከኬዙ መስታወት ጀርባ ደግሞ ቀይ የመብራት ሪባን አደረግሁለት፤ ማታ ማታ ክፍሉ የጭፈራ ቤት ይመስላል። ሁለት ወር ሳይሞላ ደወለ። «ሙሽሮቼ ተቃጠሉ» አለኝ። ሄጄ አልበሙን አየሁት፤ የሙሽራዋ ፊት በርበሬ መስሏል፣ ቬሎዋ ሮዝ ሆኗል። ፎቶውን ያጠበውን ማጠቢያ ቤት ወቀስን፤ ለሌላ ማጠቢያ ቤት ሰጠን፤ ያው ሆነ። ሞኒተር ተዋስን፤ ያው ሆነ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሲያንከራትተን ቆይቶ አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁት። የክፍሉ መብራት ጠፍቷል። ኮምፒውተሩ ከሞኒተሩ በስተቀኝ ቆሞ ቀይ ይረጫል፤ ከኋላው ያለው ነጭ ግድግዳ ሳይቀር ቀልቷል፤ የሰውዬው ጉንጭም ቀልቷል። ወንበር ላይ ጋቢ ተጥሎ ነበር፤ አንስቼ ኮምፒውተሩን በመስታወቱ በኩል አለበስኩት። «ምን ነካህ?» አለኝ። «ዝም ብለህ ስክሪኑን እያየህ ቡናህን ጠጣ» አልኩት። ሲኒው ግማሽ ሳይደርስ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሙሽራ ቀስ እያለች ቀላች። ፎቶውን ማንም አልነካውም፤ የተመለሰው የእኛ ዓይን ነው።

ዓይን ለዋለበት ቀለም ይደነዝዛል። ቀይ ብርሃን ውስጥ የሚሠራ ሰው ቀዩን እየቀነሰ ያያል፤ ትክክለኛው ፎቶ ወደ አረንጓዴ ያጋደለ ይመስለውና ቀይ ይጨምርበታል። አንቺ አረንጓዴ መብራት አጠገብሽ ብታቆሚ ተቃራኒው ይደርስብሻል። ደህናው ፊት ቀላ ያለ ሮዝ ይመስልሻል፤ ለማስተካከል ብለሽ አረንጓዴ ትጨምሪያለሽ፤ አልበሙ ታጥቦ ሲመጣ ሙሽራዋ ወባ የያዛት ትመስላለች። እናቷ ደግሞ ስለ ዓይን መደንዘዝ የምታስረጃት አይነት ሴት አትሆንም።

ጥለት ግን ከመጀመሪያውም ክር ነው። አረንጓዴውን በክር አስገቢው። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱና ወደ ካርዱ የሚሄዱት ኬብሎች ማራዘሚያ አላቸው፤ እያንዳንዷ ሽቦ ለብቻዋ በተሸመነ ክር የተለበጠች፣ በፈለግሽው ቀለም የምትገኝ። ትልቁ ባለ 24ቱ ነው። በ2 ረድፍ 12፣ 12 ሆነው ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ እንዳይጠላለፉ ማበጠሪያ የምትመስል ትንሽ ፕላስቲክ በየመሃሉ ትገባለች። ከዳርና ከዳር ሦስት ሦስቱ ነጭ፣ የመሃሎቹ ስድስት አረንጓዴ የሆነውን ካገኘሽ፣ ከማዘርቦርዱ ጫፍ ተነስቶ ታጥፎ ወደ ጀርባ ሲገባ ልክ የቀሚስ ጥለት ነው። ለካርዱ የምትሄደውን ባለ 8 ሽቦም በዚያው ቀለም አድርጊ። ይኸው በቃ። ጥለት ሲበዛ ቀሚሱን ያበላሸዋል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የምትገዢው ማራዘሚያ ይሁን። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የወጣ ኬብል «ቀለሙ ያምራል፣ ሶኬቱም ይገባል» ብሎ የሚሰካ ሰው አለ። በማዘርቦርዱ በኩል ያለው ጫፍ በሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን የሽቦው ቅደም ተከተል ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። 5 ቮልት በሚገባበት 12 ቮልት ይገባና ሃርድ ዲስክሽ ከነሠርጉ ይሄዳል። ጠረጴዛዬ ላይ እንዲህ ሆኖ የመጣ ዲስክ አለ፤ ባለቤቱ ሊወስደው አልፈለገም።

ነጩ የሚወደደው አምራቾቹ ከጥቁሩ ባነሰ መጠን ስለሚያወጡት ነው። ሁሉም ቦታ ግን መክፈል የለብሽም። በመስታወቱ ስትመለከቺ ዓይን የሚያርፈው ኬዙ፣ ተጋድሞ የሚታየው ግራፊክስ ካርድ፣ የፕሮሰሰሩ ኩለር (ማቀዝቀዣው) እና ፋኖቹ ላይ ነው። እነዚህ ነጭ ይሁኑ። አሱስም ጊጋባይትም ነጭ 4060 አውጥተዋል። ኩለሩን ዲፕኩል ኤኬ 400 ነጩን ብትወስጂ ለ12600ኬ ይበቃዋል፤ ቁመቱ 155 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የኬዙ ዝርዝር ላይ ስንት እንደሚፈቅድ አይተሽ ግዢ። ፓወር ሰፕላዩ ግን በአሁኖቹ ኬዞች ታች በብረት ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል፤ ነጭ ፓወር ሰፕላይ መግዛት የካልሲን ውስጥ እንደማስጠለፍ ነው። ጥቁሩን ወስደሽ ልዩነቱን ወርቅ ደረጃ ያለው (ኤሌክትሪክ ብዙም የማያባክነው) ላይ አውዪው። 650 ዋቱ ለዚህ ዕቃ ይተርፋል፤ 4060 ራሱ የሚፈልገው 115 ዋት ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ ነው ሰው የሚጣላው። እኔ ነጩን አላስገዛሽም። ብርማ የብረት ሽፋን ያለው ጥቁር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለውን፣ 244 በ244 ሚሊ ሜትር የሆነውን ውሰጂ፤ ለእሱ የሚሆን አነስ ያለ ኬዝም ምረጪ። በትልቅ ኬዝ ውስጥ ትንሽ ቦርድ ከገባ ባዶው ቦታ ያስጠላል። በአነስተኛው ኬዝ ውስጥ ኩለሩ፣ ራሙና ካርዱ ሸፍነውት ጥቁሩ እንደ ጥላ ብቻ ይታያል። ራሙን ነጭ ሽፋን ያለው ግን መብራት የሌለው አድርጊ፤ 32 ጊጋውም ባለ 16 ሁለት ሆኖ ይምጣ፤ አንድ ባለ 32 አይሁን፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ነው የሚፈጥኑት። ማዘርቦርዱ ዲዲአር 4 ነው ዲዲአር 5 የሚለውንም አስጠይቂ፤ ለዚህ ሶኬት ሁለቱም ዓይነት ቦርድ አለ፤ ራሙ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

የአክስትሽ ልጅ ሳይነግርሽ የቀረ ነገር አለ፦ ነጭ አንድ አይደለም። የአንዱ አምራች ነጭ ወደ ሰማያዊ ያጋደለ ነው፣ የሌላው ወተት ይመስላል፣ የሦስተኛው የቆየ ወረቀት ነው። የሁለት ሸማኔ ነጭ ጎን ለጎን ሲቆም ታይቶሽ ያውቃል አይደል? ለዚህ ነው ፋኖቹንና ኬዙን ከአንድ አምራች ውሰጂ የምልሽ፤ ሰፊውን ቦታ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ፋን ደግሞ ስድስት አያስፈልግሽም። ከፊት ሁለት አየር የሚያስገቡ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ ይበቃሻል። የሚያስገባው ሲበዛ አየሩ በማጣሪያው ብቻ ይገባል፤ የሚያስወጣው ከበዛ በየቀዳዳው አቧራ ይስባል።

መወየቡ እውነት ነው፤ ግን ሁሉም አይወይብም። ቀለም የተቀባው የኬዙ ብረት ዓመታት ይቆያል። የሚወይበው ፕላስቲኩ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ያፋጥኑታል። ሐይቁ ከከተማችን በስተምዕራብ ነው፤ መስኮትሽ ወደ ሐይቁ የሚያይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በቀጥታ ይገባል። ኬዙን ከዚያ መስኮት ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። አቧራን በተመለከተ ግን ነጭ ከጥቁር ይሻላል። ጥቁር ኬዝ ጠዋት ተወልውሎ ማታ ባጃጅ ስር የዋለ ይመስላል።

ሐይቁን ካነሳን ዘንዳ፣ መብራት የሚቀርበት ሌላም ምክንያት አለ። ማታ በር ከፍተሽ ነው የምትሠሪው፤ ሙቀቱ ሌላ ምርጫ አይሰጥም። መብራት የሚያበራ ኬዝ የሐይቁን ዳር ትንኝ ይጠራል፤ ፋኑ ደግሞ የተጠራውን ይስባል። ከሐይቁ ዳር ከሚሠራ አንድ ቤት የመጣ ኬዝ ስከፍት የፊቱ ማጣሪያ ላይ የሞተ ትንኝ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ አግኝቻለሁ። ጠረኑን አልነግርሽም።

ለዓይንሽ የሚያስፈልገው የክፍል መብራት 6500 ኬልቪን የተጻፈበት ነጭ አምፖል ነው፤ በየሱቁ አለ። ከሞኒተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ እንዲያርፍ አድርገሽ ደብዘዝ ባለ መጠን አብሪው። ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን ባትሪ) አትርሺ፤ 1000 ቪኤ አካባቢ ያለው አልበሙን ሴቭ አድርገሽ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጥሻል። እሱ ሁሌም ጥቁርና አስቀያሚ ነው፤ ጠረጴዛው ስር ይግባ። ዋጋ ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ፣ ሰኞ የተነገረሽ ዓርብ ላይ ላይገኝ ይችላል። ፕሮሰሰሩንና ካርዱን መጀመሪያ ያዢ፤ ክሩን በኋላም ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሰማያዊ የሚያበሩ አራት ፋን ገዛሁ። የመብራታቸው መሰኪያ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ ማዘርቦርዴ ላይ ያለው ግን አራት እግር ያለው፣ 12ቪ የተጻፈበት ነው። ጓደኛዬ «የሚከለክለውን እግር ሰብረን እናስገባዋለን» አለኝ። ላስገባ?

መልስ፦ ጓደኛህ ጉጠቱን ያስቀምጥ። ሦስት ቀዳዳው 5 ቮልት ነው የሚፈልገው። አራት እግሩ 12 ቮልት ይልካል፤ ያውም ልክ 5 ቮልቱ በሚገባበት ቦታ ላይ። እግሩ እንዳይገባ ተደርጎ የተሠራው ለዚሁ ነው። ብታስገድደው ፋኖቹ አንድ ጊዜ ደምቀው ያበሩልህና ለዘለዓለም ይጨልማሉ፤ መሽከርከሩን ይሽከረከራሉ። ከፓወር ሰፕላዩ የሳታ መሰኪያ ኤሌክትሪክ የሚወስድ፣ ባለ 5 ቮልት የመብራት መቆጣጠሪያ የምትባል ትንሽ ሳጥን ግዛ፤ አንዳንዶቹ ከሪሞት ጋር ይመጣሉ። አራቱንም በእሷ ላይ ሰካቸው። የፋኑ ማዞሪያ መሰኪያ ግን ሌላ ነው፤ እሱ በማዘርቦርዱ ላይ ይቅር።

ጥያቄ፦ ያለኝ ኬዝ ጥቁር ነው፤ አዲስ ከመግዛት ባጃጅ የሚቀባ ጎረቤቴ በስፕሬይ ነጭ ያድርግልኝ? ከሻሸመኔ

መልስ፦ ያድርግልህ፤ እንዲያውም የባጃጅ ቀቢ እጅ ከእኔ ይሻላል። ውስጡን ሙሉ በሙሉ አውጡት፣ አንድ ብሎን ሳይቀር። በ400 ቁጥር ሸካራ ወረቀት ይታሽ፣ መሠረት ቀለም ይቀባ፣ ከዚያ ስስ ስስ አድርጎ ደጋግሞ ይርጭ፤ አንድ ጊዜ ወፍራም ከቀባው ይወርዳል። ማዘርቦርዱ የሚቆምባቸውን ብሎኖችና የብሎን ጥርሶች በፕላስተር ይሸፍን፤ ቀለም ከገባባቸው ብሎኑ አይገባም፣ ብረት ለብረት መነካካቱም ይቀራል። የፋን ክንፍ አይቀባ፤ ሚዛኑን ይስትና ይጮኻል። የኩለሩ ቀጫጭን ብረቶችም አይነኩ። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቀናት ጠብቅ። ያልደረቀ ቀለም ውስጥ ሙቅ ዕቃ አስገብቶ ከነጠረኑ ያመጣልኝ ደንበኛ አለ፤ ማታ ራስ ምታት ይዞኝ ነው ቤት የገባሁት።

ጥያቄ፦ ኖክቱዋ የሚባለው ፋን እንዲህ ውድ ሆኖ ቀለሙ ለምን ቡኒ ሆነ? ከየትኛው ቀለም ጋር ይሄዳል? ከአዳማ

መልስ፦ የኦስትሪያው ኩባንያ መለያዬ ብሎ የያዘው ቀለም ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ኖክቱዋ መሆኑ እንዲታወቅ። ክሮማክስ የሚባል ጥቁርም አላቸው። እኔ ግን ቡኒውን ባትጠላ ይሻልሃል እላለሁ፦ ፋኑ ቡኒና ክሬም ነው፣ ማለትም ማኪያቶ። ክሬም ቀለም ያለው ኬዝ፣ ቡኒ የክር ኬብል፣ ጥቁር ካርድ አድርግበትና ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠው። እኔ ለራሴ የሠራሁት እንዲህ ነው። ደንበኞቼ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ይሄ የሚሸጥ ነው?» ብለው ነው።